ሣር ላይ ለመቀመጥ

ሰሞኑን ደሴ ነኝ። ጥቅምት ነው፤ ጦሳ ተራራ ገና ልምላሜው አልለቀቀውም። አክስቴን ፀሐይ ላሙቃት ብዬ ይዣት ወጣሁ። ዛፍና አበባ ያለበት ግቢ አገኘንና ሣሩ ላይ ዐረፍ አልን። ወዲያው ጥበቃው መጣ። «እናቴ፣ ሳይታዘዝ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አላት። ጾመኛ ነበረች፤ ምን ትዘዝ? «አብሽር፣ ተነስ እንሂድ» አለችኝ። እሷ ረስታዋለች። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ዊተን ላይ ብሩክሳይድ ጋርደንስ የሚባል የሕዝብ የአትክልት ቦታ አለ። 20 ሄክታር ያህል ነው፤ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው መንግሥት፣ ያስተዳድረዋል፤ መግቢያው ነፃ ነው። አሁን እዚያ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲገባ አረንጓዴው ከቅጠሉ ይጠፋል፤ ተሸፍኖ የቆየው ቢጫ ይወጣል። ሜፕል የሚሉት ዛፍማ እሳት የተለቀቀበት ይመስላል። ሽማግሌው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ይመጣል። አግዳሚ ወንበር ላይ እስኪበቃው ይቀመጣል። ምን ልታዘዝ የሚለው የለም!

ከሁሉ የምቀናው ግን በስም ሰሌዳዎቹ ነው። ዛፉ ሥር ቆመህ ማን እንደሆነ ታነባለህ።

አክስቴ ሰሌዳ አያስፈልጋትም። መንገድ ለመንገድ ስንሄድ ይሄ ወይራ ነው፣ ለጭስ ይሆናል ትለኛለች። ያ ኮሶ ነው፣ ድሮ አበባውን ለሆድ ትል እንጠጣው ነበር። ዳማከሴው ለምች። የእህቶቼ ልጆች ግን ከባሕር ዛፍ ሌላ በስሙ የሚጠሩት ዛፍ ጥቂት ነው። ማን ያሳያቸው? የት?

ቦታው እኮ አላነሰንም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ለኮሶም ለጽድም የሚስማማ አየር ነው። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሙቀቱም ተክሉም ሌላ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ሁለት ዓይነት አየር! ይህን የታደለ ስንት ከተማ አለ?

እኔ ለተክል የመስታወት ቤት ይሠራ አላልኩም። ደሴ ላይ አንድ ጥግ፣ የአገራችን ዛፎች፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ይበቃሉ። ለጉዳዩ ቅርብ የሆናችሁ፣ ሰሌዳውን ውጭ ያለነው አዋጥተን እናሠራለን። እናንተ ቦታውን ስጡን፤ በሩንም ለሁሉም ክፍት አድርጉት።