ማስተካከያ፦ ሃዋይ ከስፔን የተወሰደች ግዛት አልነበረችም

ስለ አሜሪካ የኢንዱስትሪ ዘመን ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሃዋይን ከፊሊፒንስ፣ ከጉዋምና ከፖርቶ ሪኮ ጋር ደርበን ስፔን በ1898 የፓሪስ ውል ለአሜሪካ የለቀቀቻት ግዛት አድርገን ጽፈናል። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሃዋይ የራሷ ዘውድ የነበራት አገር ነበረች። ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ በጃንዋሪ 1893 ከዙፋናቸው የተወገዱት በአብዛኛው ትውልደ አሜሪካውያን የሆኑ ነጋዴዎችና ጠበቆች በመሩት ሴራ ሲሆን፣ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮችም ሆኖሉሉ ላይ ወርደው ነበር። በ1897 ሃዋይ ከአሜሪካ ጋር እንዳትቀላቀል የሚጠይቅ፣ ከ21,000 በላይ ሃዋያውያን ፊርማ የሰፈረበት የተቃውሞ አቤቱታ ዋሽንግተን ደረሰ፤ ሃዋይን ለመቀላቀል የቀረበው ውልም የአሜሪካ ሴኔትን የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። ይህን አለመጥቀሳችን ከግዛቶቹ ዝርዝር ስህተት ይልቅ ይከብዳል፤ የአንድን ሕዝብ እምቢታ ሸፍኗልና። ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ ጁላይ 7 ቀን 1898 የፈረሙት ሃዋይን ከአሜሪካ ጋር የቀላቀለውን፣ በተራ የድምፅ ብልጫ ያለፈ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ነው፤ የፓሪሱ ውል የተፈረመው ከዚያ አምስት ወር ቆይቶ ነው። ኦገስት 12 ቀን በኢዮላኒ ቤተ መንግሥት የሃዋይ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የአሜሪካው ተሰቀለ።

በተጨማሪም፣ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር በፈተና እንዲሆን የደነገገውን የ1883 የፔንድልተን ሕግ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር እንጂ በ1881 የተገደሉት ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ አይደሉም።