ጆን አዳምስ ባሪያ አልነበረውም፣ ፊርማው ግን ዛሬም ሰው ያስይዛል

ማርች መጨረሻ ላይ የቼሪው አበባ ሲፈነዳ ዲሲ ውስጥ ሰው ጭኖ የሚሰራ ሁሉ አንድ መንገድ በእንቅልፍ ልቡም ይነዳዋል። ጄፈርሰን መታሰቢያ፣ ከዛ ሊንከን፣ ከዛ የዋሽንግተን ሀውልት፣ ተመልሶ ጄፈርሰን። እኔም ለተወሰነ ጊዜ ነድቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን "ጆን አዳምስ ጋ ውሰደኝ" ያለኝ ሰው የለም፣ ቢለኝስ የት ነው የምወስደው? ሰውዬው እኮ ሁለተኛው ፕሬዝዳንት ነው፣ በዋሽንግተንና በጄፈርሰን መሃል ያለው፣ ኋይት ሀውስ ገብቶ መኖር የጀመረውም እሱ ነው፣ በ1800፣ ቤቱ ገና ተሰርቶ ሳያልቅ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኮንግረስ በ2001 መታሰቢያ ይሰራለት ብሎ ፈቅዶ ነበር፣ ይኸው እስካሁን የለም። ካፒቶል አጠገብ ካሉት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ህንጻዎች አንዱ በስሙ ይጠራል፣ እሱንም ቱሪስት ዞር ብሎ አያየውም።

"ሰውዬው ተበድሏል" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የሚያነሱት ነገርም ቀላል አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ 12 ፕሬዝዳንቶች ውስጥ ባሪያ ይዘው የማያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አዳምስና ልጁ ጆን ኩዊንሲ። "ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል" ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን ግን በእድሜው ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል፣ እኛ ደግሞ ዘመድ ከሀገር ቤት በመጣ ቁጥር እሱ ስር ወስደን ፎቶ እናነሳለን።

ከባርነቱ ሌላ እኔን የሚገርመኝ የፈረንሳይ ነገር ነው። አዳምስ ስልጣን ሲይዝ የፈረንሳይ መርከቦች የአሜሪካን ንግድ መርከብ እያሳደዱ ይዘርፉ ነበር፣ አዳምስ ወደ ፓሪስ የላካቸው መልእክተኞችም መጀመሪያ ጉቦ አምጡ ተባሉ፣ ወሬው ሲወጣ አገሩ በሙሉ ጦርነት ጦርነት አለ። የራሱ ፓርቲ ይፈልገዋል፣ የፓርቲው ትልቅ ሰው አሌክሳንደር ሃሚልተን አዲስ ጦር ይዞ ተዘጋጅቷል፣ ህዝቡ ያጨበጭባል። ጦርነት ላይ ያለ መሪ ደግሞ ምርጫ ለማሸነፍ ይቀለዋል፣ ይሄን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አዳምስ ግን በ1799 ሚኒስትሮቹን እንኳን ሳያማክር አዲስ መልእክተኛ ልላክ ብሎ ተነሳ፣ በሴፕቴምበር 1800 እርቁ ተፈረመ፣ ወሬው ዘግይቶ ስለደረሰ ምንም አልጠቀመውም። ሃሚልተን የገዛ ፓርቲውን ፕሬዝዳንት የሚያብጠለጥል ጽሑፍ አሳተመበት፣ አዳምስም በምርጫው ተሸነፈ። ሸምግሎም በመቃብሬ ላይ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ በ1800 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገውን ሰላም ኃላፊነት የወሰደ ሰው እዚህ አርፏል ብላችሁ ጻፉልኝ ብሏል። ያልተደረገ ጦርነት ግን ማን ሀውልት ያቆምለታል?

የሄይቲም ነገር አለ፣ እሱን ብዙ ሰው አያውቀውም። ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ባሪያዎቹ ተነስተው ደሴቲቱን በያዙበት ሰዓት አዳምስ ከጥቁሩ ጄኔራል ከቱሳን ሉቨርቱር ጋር ንግድ ከፈተ፣ የአሜሪካ ባህር ኃይልም ለቱሳን አግዞ ተዋግቷል። ለፍቅር ብሎ አይደለም፣ ንግዱም ያዋጣ ነበር ፈረንሳይንም ያዳክምለታል፣ ቢሆንም አደረገው። ጄፈርሰን ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፣ አሜሪካ ሄይቲን እንደ አገር ያወቀቻት በ1862 ነው፣ ነጻ ከወጣች 58 ዓመት በኋላ።

እስከዚህ ድረስ "ተበድሏል" ከሚሉት ጋር ነኝ። የማልስማማው 1798 ላይ ስንደርስ "ያው የዘመኑ ስህተት ነው" ብለው በአንድ መስመር ሲያልፉት ነው።

በዛ ዓመት በጁንና በጁላይ አራት ሕግ ፈረመ። አንደኛው ዜግነት ለማግኘት የሚጠበቀውን 5 ዓመት ወደ 14 አደረሰው። ሁለተኛው ፕሬዝዳንቱ አደገኛ ነው ያለውን የውጭ ሰው ያለ ፍርድ ቤት እንዲያባርር ፈቀደ። ሶስተኛው አሜሪካ የምትዋጋው አገር ዜጋ የሆነን ሰው ለመያዝና ለማባረር፣ አራተኛው ደግሞ መንግስትን፣ ኮንግረስንና ፕሬዝዳንቱን በክፉ የሚጽፍ የሚናገርን ለማሰር። ምክትል ፕሬዝዳንቱ ከሚጠበቁት ውስጥ የለም፣ ምክንያቱም ያኔ ምክትሉ ተቃዋሚው ጄፈርሰን ነበር፣ እሱን እንደፈለጋችሁ ስደቡት ነው ነገሩ። ሕጉ የሚያበቃውም በማርች 3 ቀን 1801 እንዲሆን ተደረገ፣ የስልጣን ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው። እንግዲህ ይሄ ስህተት ነው ወይስ ሂሳብ?

ኒውአርክ ላይ ሉተር ባልድዊን የሚባል ሰው ነበር። አዳምስ በከተማው ሲያልፍ መድፍ ይተኮስለታል፣ ባልድዊን ሞቅ ብሎታል፣ ጥይቱ በፕሬዝዳንቱ መቀመጫ ቢገባም ግድ የለኝም አለ (መቀመጫ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እንደዛ አላለም)። ለዚች ቀልድ ተከሶ ተቀጣ። ማቲው ላየን ደግሞ ከአየርላንድ በልጅነቱ በአገልጋይነት ውል የመጣ፣ በኋላ ከቨርሞንት ኮንግረስ የገባ ሰው ነው፣ አዳምስን ተችቶ ስለጻፈ 4 ወር ታሰረ 1,000 ዶላር ተቀጣ፣ ህዝቡም እስር ቤት እያለ መልሶ መረጠው። ቨርሞንቶች አንጀቴን አራሱኝ!

አዳምስ ሕጎቹን አልጠየቀም ኮንግረስ ነው ያወጣው፣ በሁለተኛው ሕግም ማንንም አላባረረም ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሰውዬው ተራ ፖለቲከኛ አይደለም እኮ፣ በ1770 ቦስተን ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰው ሲገድሉ ከተማው ሁሉ ይሰቀሉ ሲል ጠበቃ ሆኖ የቆመላቸው እሱ ነው፣ ብዙዎቹንም ነጻ አስወጣ። ጠላትም ቢሆን ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን ነገር ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አውቆ ነው የፈረመው። በ1813 ለጄፈርሰን በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንኳን አልጸጸተውም፣ የውጭ ዜጎቹ ሕግ ላይ ያንተም ፊርማ አለ ለምን እኔ ብቻ እጠየቃለሁ፣ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበርን፣ ሰላዮች ከተማውን ሞልተውት ነበር ይላል። ጦርነት ላይ ነበርን፣ ሰላዮች ነበሩ... ይቺን ነገር በአማርኛስ ስንቴ ሰምተናታል።

ጄፈርሰን ሲገባ የተፈረደባቸውን ማራቸው፣ በ1802 ዜግነቱም ወደ 5 ዓመት ተመለሰ። ሶስተኛው ሕግ ግን የሚያበቃበት ቀን ስላልተጻፈበት፣ የሻረውም ስለሌለ እስካሁን አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የጃፓን፣ የጀርመንና የጣሊያን ዜጎች ተያዙበት። በማርች 2025 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ጦርነት ሳይታወጅ ያንኑ ሕግ ጠቀሰ፣ ከመቶ በላይ ቬንዙዌላውያንም የወንበዴ ቡድን አባላት ናችሁ ተብለው ወደ ኤል ሳልቫዶር እስር ቤት ተላኩ፣ ዳኛ ፊት ቀርበው አይደለንም ለማለት እንኳን ሳይደርሳቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ሊነገራቸውና ሊከራከሩ ይገባል ያለው በኤፕሪል ነው፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ። በነገራችን ላይ ሕጉ የሚለው "ዜግነት ያላገኘ" ነው፣ ግሪን ካርድ በኪሱ ያለውንም ይጨምራል፣ ወረቀት ጨርሻለሁ ብሎ ለተዝናና ወገን።

መታሰቢያው ይሰራለት፣ እኔ አልቃወምም፣ የሚገባው ነው። የመቃብሩን ጽሑፍም ከፈለጉ ፊት ለፊት ያድርጉለት። ከኋላው ግን የሶስተኛውን ሕግ ሙሉ ቃል ከነፊርማው ይቅረጹበት፣ እኔም ተሳፋሪ ይዤ ስመጣ መኪናውን በዛ በኩል ነው የማቆመው።