ለዳውኒንግ ስትሪት ዋና አይጥ አዳኝ የቀረበ አቤቱታ

ለክቡር ድመት ላሪ
የካቢኔ ጽሕፈት ቤት ዋና አይጥ አዳኝ
የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ፣ ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10፣ ለንደን

ጉዳዩ፦ አይጥን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ስለ እንቅልፍዎ ግን አልጠይቅም፤ እሱን ጋዜጦቹ በፎቶግራፍ እያስደገፉ ይነግሩናል።

ይህን አቤቱታ ለእርስዎ የጻፍኩት ሌላ የማንኳኳው በር አጥቼ ነው። የኩሽናዬን አይጦች በተመለከተ ቤቱን ለሚያከራየኝ ድርጅት ያልሞላሁት ቅጽ የለም። ስልኩንም፣ «ወረፋዎን ይጠብቁ» ከሚለው ድምፅ ኋላ የሚንቆረቆረውን ፒያኖም ለዚህ አገር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በመጨረሻ ባለፈው ማክሰኞ መርማሪ እንደሚመጣ ተነገረኝ። በስንት ሰዓት? ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ባለው ጊዜ ውስጥ። የቀን ደመወዜን ትቼ፣ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ ቢያንኳኳስ እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል መጣ። ጫማውን አላወለቀም፤ ይሁን። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ቧንቧው ወደ ግድግዳው የሚገባበትን፣ አውራ ጣቴን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አሳየሁት። በድስት መፈተጊያ ሽቦ ብደፍነው ጎትተው እንዳወጡት ነገርኩት፤ የተጎተተውንም ሽቦ በፌስታል አስቀምጬለት ነበር። ባትሪውን አበራ፣ አጠፋ። ማቀዝቀዣውን ፈቀቅ ላድርግልህ ብለው ጊዜ የለውም። ጊዜ የተረፈው ለቁም ሳጥኔ ነበር። የበርበሬውን ዕቃ ከፍቶ አሸተተና አስነጠሰው። ይማርህ አልኩት፣ በአማርኛ። ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለው ሞሰብ ዞሮ፣ ክዳኑን በጓንቱ ጫፍ ብድግ አድርጎ፣ «ይህ ምግብ ሁልጊዜ የሚቀመጠው እዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሬሳ የገለጠ ነበር የሚመስለው።

ውጤቱ ሐሙስ ዕለት በኢሜይል ደረሰኝ። አይጦቹ የመጡት «ከተከራይዋ የአኗኗር ሁኔታ ጋር በተያያዘ» ነው። ስለ ወጥ ቤት ንጽሕና የሚያስተምር በራሪ ወረቀትም በአባሪነት ተልኮልኛል፤ ላዩ ላይ አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብላ ጠረጴዛ ትወለውላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ዳዋው እኔ እንደምሆን ግን ማን ይጠረጥራል?

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ማዕረጉን ለጊዜው ልተወው። እጁን ያልታጠበ ሰው ሞሰብ በማይከፍትበት ቤት ነው ያደግኩት። እናቴ ጤፍ በምታበጥርበት ቀን አቧራ እንዳናስነሳ እኛን ልጆቿን ከግቢ ታስወጣን ነበር። ያ ሰው አንድ ፎቅ ወጥቶ ጎረቤቴን ቢጠይቃት ኖሮ፣ በርበሬ አይታ የማታውቅ፣ ከታሸገ ሾርባ በቀር እሳት ላይ የማትጥድ ሴት ያንኑ አይጥ እንደምታሳድድ ትነግረው ነበር። ቀዳዳው የሕንጻው ነው። ኪራዩን በየወሩ የምከፍለው ለሕንጻው ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን አንድ ጭልፋ ሲሚንቶ ይበቃል። እሱን ላለማውጣት ሰው ልኮ ምግቤን ማሸተት፣ ከዚያም ቆሻሻ ነሽ ብሎ በጽሑፍ መስጠት ምን የሚሉት ነው? በዚህ ዕድሜዬ ወለሌ ላይ ተንበርክኬ፣ እሱ የረገጠውን እያጠብኩ አለቀስኩ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በዚያው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ የሥራ ዝርዝርዎን ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አነበብኩ። እንግዳ ይቀበላሉ፤ የጥበቃውን ሁኔታ ይፈትሻሉ፤ ጥንታዊዎቹ ወንበሮች ለማሸለብ የሚመቹ መሆናቸውን ይመረምራሉ። የቤቱን አይጦች በተመለከተ ግን መፍትሔው ገና «በስልት ዕቅድ ደረጃ» ላይ ነው ይላል። የእኔ ድርጅት ይህን ሁሉ ጊዜ ሲልክልኝ የኖረው መልስ ከማን እንደተቀዳ ያወቅኩት ያኔ ነው። ልዩነቱ፣ የእርስዎዎቹ የጻፉት ለቀልድ ነው፤ የእኔዎቹ ይሠሩበታል።

ከባተርሲ የእንስሳት መጠለያ ተነሥተው ቁጥር 10 የገቡት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ነበር። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሩን እራት ላይ ሳሉ ብቅ ያለች አይጥ ላይ ሹካ መወርወራቸው በጋዜጣ ወጣ። ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአኗኗር ሁኔታ የጻፈ መርማሪ ግን አልሰማሁም። የንጽሕና በራሪ ወረቀትም የተላከላቸው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ካሜሩን ሄዱ፣ ሜይ ሄዱ፣ ጆንሰን ሄዱ፣ ሁለት ወር ያልሞላቸው ትረስ ሄዱ፣ ሱናክም ሄዱ፤ ስታርመር ሲገቡም ያገኙት እርስዎን ነው። የሥራ አፈጻጸም ግምገማ የሚባል ነገር በእርስዎ በኩል አያልፍም? ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ድመት ከፓልመርስተን ጋር በአደባባይ መቧጨሩንስ ማን ፈቀደልዎ? ደግሞ እሱ ቢያንስ በ2020 ጡረታ ወጣ። ትራምፕ በ2019 ሲመጡ እርስዎ መኪናቸው ሥር ገብተው ተጋደሙ። አቅም የለኝም እንዳይሉኝ ደግሞ፣ በ2022 ቀበሮ ከደጅዎ ሲያባርሩ በቪዲዮ አይተናል። ቀበሮ ያባረረ አይጥ አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

ያ ጥቁር በር ከውጭ አይከፈትም፤ እርስዎ ደጅ ሲቀሩ ፖሊስ ያንኳኳልዎታል። ይህን አልመቀኝም። እኔም የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የኪራይ ውሌ ድመት ማሳደርን ይከለክላል፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ማሳደርን ግን የሚከለክል አንቀጽ የለውም። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ለሥራ ጉብኝት እንዲመጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከዋይትሆል 12 ቁጥር አውቶቡስ ይዘው ካምበርዌል ይውረዱ። ቱና አለኝ፣ ዓሣም አይጠፋም። ሲደርሱ በሩን ይቧጥጡ፤ ደወሉ አይሠራም። እሱንም አመልክቻለሁ።