«እንደ ልጄ ነበር የማያት»

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የምሠራው እዚያው አቅራቢያ ቤተዝዳ። ሥራዬ ናኒ ነው። እዚህ አበሻ መሀል «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉሽ «ናኒ» ብትዪ ማንም አይገረምም። እናቴ ግን አዲስ አበባ ለጎረቤት የምታወራው «ልጆች ላይ ነው የምትሠራው» እያለች ነው፣ አስተማሪ እንዲመስልላት። ሞግዚት የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። አልፈርድባትም። እኔም ባንክ እየሠራሁ ሞግዚት ቀጥሬ የምኖር ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። ሠራተኛዋ ጠፍታባታለች፣ ሌሊት፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ። «እንደ ልጄ ነበር እኮ የማያት!» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ይቺን ነገር እኔም ብያት አውቃለሁ። እዚህ ደግሞ ለኔው ይሏታል፣ «አንቺ እኮ ቤተሰባችን ነሽ» እያሉ።

ቤተዝዳ የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ስድስት ገጽ ወረቀት አስፈረሙኝ። ስንት ሰዓት እንደምገባ፣ ስንት ሰዓት እንደምወጣ፣ ብታመም ስንት ቀን እንደሚከፈለኝ፣ ልጁን በኔ መኪና ካመላለስኩ ቤንዚኑን ማን እንደሚችል፣ ሥራው ሲያልቅ ከስንት ሳምንት በፊት እንደሚነገረኝ። ደግነት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ሕግ ነው ለካ። ቤተዝዳ ያለችበት ሞንጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ የቤት ሠራተኛ አሠሪው የጽሑፍ ውል ማቅረብ አለበት። እዚያው ቤት የምታድር ከሆነ ደግሞ የሚቆለፍ በር ያለው የራሷ መኝታ ክፍል ሊሰጣት ይገባል።

የሚቆለፍ በር የሚለው ላይ ቆም አልኩ። አዲስ አበባ የቀጠርኳት ሞግዚት የምትተኛው ልጄ ክፍል መሬት ላይ ነበር፣ ጠዋት የሚጠቀለል ፍራሽ ላይ።

እሷን ያመጣልኝ ደላላ ነው። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «ተያዥ አላት ወይ?» የመታወቂያዋን ኮፒ ወሰድኩ፣ የተያዡን ስልክ ጻፍኩ፣ አበቃ። አሁን ሳስበው ያቺ ወረቀት እኔን ከእሷ የምትጠብቅ ናት። እሷን ከኔ የሚጠብቅ አንድም መስመር አልነበረም። ደመወዟ 1,200 ብር። ሰዓቷ? ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ፣ እኛ ቴሌቪዥን አይተን ስንጨርስ ዕቃ አጥባ ትተኛለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመጣ ያ ዕረፍት ነው። ሕጉም ቢሆን አይደርስላትም ነበር። የዛሬው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ የግል አገልግሎት ቅጥርን (የቤት ሠራተኛን ማለት ነው) ወደ ጎን ትቶ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወስነዋል ብሎ ነው የሚያልፈው። የባንክ ሠራተኛ ሆኜ ለኔ ትርፍ ሰዓት በሕግ ሲታሰብልኝ፣ እኔ ባንክ እንድውል ልጄን የያዘችው ልጅ እዚያ ሕግ ውስጥ አልነበረችም።

ወደ ሥራው ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነው።

ሕፃን ማሳደግ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የቤተዝዳው ሕፃን ባዶ አልጋ ላይ በጀርባው ነው የሚተኛው፣ ብርድ ልብስ የለ፣ ትራስ የለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሕፃናትን በሆዳቸው አታስተኙ ብሏል፣ ከዚያ ወዲህ ተኝተው የሚቀሩ ሕፃናት ቁጥር በጣም ስለቀነሰ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ለቅሶው ላይ ነው። «ሲያለቅስ ቶሎ አታንሺው፣ ራሱን ችሎ መተኛት ይልመድ» ተባልኩ። ስድስት ወሩ ነው እኮ! ምኑን ነው የሚችለው? በሩ ሥር ቆሜ ሞኒተሩን እያየሁ አሥር ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ እሱ ውስጥ ያለቅሳል፣ እኔ ውጭ አንጀቴ ይላወሳል፣ እናትየው ቢሮ ሆና በስልኳ ሁለታችንንም ታያለች። እኛ ጋ ልጅ እንደዚያ ቢያለቅስ ጎረቤት በር ያንኳኳል። የኔ ልጅ የተኛው በዚያች ልጅ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሽሮ ስታማስል ነው። የማንኪያው ድምፅ ነበር እሹሩሩው።

ምግቡም እንደዚሁ። እዚህ ልጁ ፊት ብሮኮሊ ታስቀምጪና ትቀመጫለሽ። ከፈለገ ይበላል፣ ካልፈለገ መሬት ይወረውራል፣ አንቺ ፈገግ ትያለሽ። ማንኪያ ይዘሽ መከተል የለም። አዲስ አበባ ግን «ስንት ማንኪያ በላ?» የሚለው ከሥራ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ነበር፣ ሰላም ሳልላት በፊት።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። ሳስተኛው እሹሩሩ ስል እናትየው በሞኒተሩ ሰማችኝና ወደደችው። «አማርኛ አናግሪው፣ ሁለት ቋንቋ ቢሰማ ጥሩ ነው» አለች። አሁን ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሲጠማው «ውሃ» ይላል። አያቱ ሊጠይቁት መጥተው «ና!» ብሎ ጠራቸው። («ይምጡ» አላስተማርኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።) ቤተሰቡ በሙሉ በኩራት አጨበጨበ። እኔ ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ነው። የአዲስ አበባዋ ሞግዚቴ የወሎ ገጠር ልጅ ነበረች፣ ልጄም አፉን የፈታው በሷ አነጋገር ነው። «የገጠር አነጋገር እንዳታስለምጂብኝ» ብዬ ሰው ፊት ተቆጥቻታለሁ። እሷም ከዚያ በኋላ ልጁን በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

አሜሪካን ላሞግስ አይደለም። አንድ ጊዜ ወላጆቹ ሦስት ቀን ተከታትለው 40፣ 50 ደቂቃ አረፈዱ። ሳምንቱ ከ40 ሰዓት አልፏል፣ ትርፉ በአንድ ተኩል መከፈል አለበት። ሴትየዋ ክንዴን ይዛ «ቤተሰባችን ስለሆንሽ እኮ ነው የምንተማመንብሽ» አለችኝ። ውስጤ ሳቀ፣ ምክንያቱም ይሄንን ዘዴ ከሷ በፊት አውቀዋለሁ። ወረቀቱን አወጣሁ፣ ፊቷ ቀላ፣ ከፈለች። ደግሞ ሥራው መጨረሻ አለው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ኬክ ይቆረሳል፣ ካርድ ይሰጥሻል፣ ሌላ ቤት ትፈልጊያለሽ።

እኛም ብንሆን ጨዋታውን እናበላሸዋለን። ብዙዎቻችን «ታክስ ይቅርብኝ፣ በካሽ ስጡኝ» እንላለን። ታክሱ ሲቆረጥ ካንቺ 7.65 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) ይሄዳል፣ አሠሪሽም ያንኑ ያህል ይጨምራል። በካሽ ስትሠሪ የአሠሪሽም ድርሻ ቀረ ማለት ነው፣ ጡረታ ለማግኘት በሥራ መጠራቀም ያለበት 40 ክሬዲትም አይሞላም። ዕድሜዋን በሙሉ ካሽ ወስዳ ዛሬ በ67 ዓመቷ ልጅ የምትጠብቅ ሴት አውቃለሁ። እኔ ራሴ በዲቪ የመጣሁ ጊዜ ልጄን ከትምህርት ቤት መልስ የምትይዝልኝ አንዲት እናት ነበሩ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ። በካሽ ነበር፣ ያለ ውል፣ እና «እማማ፣ እርስዎ እኮ እናቴ ነዎት» እላቸው ነበር።

የወሎዋ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ 1,500 አድርጊልኝ ብላ ጠየቀችኝ። «እንደ ልጄ እያየሁሽ?» አልኳት። በወሩ ጅዳ ሄደች። ልጄ ሁለት ሳምንት በር በሩን እያየ አለቀሰ፣ እኔ ደግሞ ምስጋና ቢስ አልኳት።

አምና በኢሞ አገኘችኝ። አሁንም ጅዳ ናት፣ አሁንም ሰው ቤት። የልጄን ፎቶ ላክሁላት፣ ድምጿ ጠፍቶ ቆየና «ቁመቱ!» አለች። ከዚያ እኔ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በሰዓት ስንት እንደሆነም ነገርኳት። ዝም አለች። በልቧ በሪያል እያሰላች መሰለኝ።

«እትዬ» አለችኝ ሳቋ አፍኗት፣ «እርስዎ ሽንት ጨርቅ መቀየር ይችላሉ እንዴ?»