11 ሚሊዮን ጡብ ለአንድ ፎቶ

እንግሊዞች ደግ ናቸው። ለእኛ ፎቶ መነሻ ብለው፣ ገና በ1841፣ ሳሴክስ ውስጥ ኡዝ በምትባል ሚጢጢ ወንዝ ላይ ወደ 11 ሚሊዮን ጡብ ደርድረውልናል። የኡዝ ሸለቆ የባቡር ድልድይ ነው፤ 37 ቅስት፣ 450 ሜትር ርዝመት። ከለንደን ብራይተን የሚሄደው ባቡርም ያልፍበታል፤ እሱ እንኳ የጎን ሥራው ነው።

መሐንዲሱ ጆን ራስትሪክ አርቀው ያዩ ሰው ነበሩ። የእያንዳንዱን ምሰሶ ሆድ ክፍት ተዉት፤ ከላይ ቅስት፣ ከታች ደግሞ የተገለበጠ ቅስት። የዋህ ሰው ጡብ ለመቆጠብ ነው ይላል። ወግ ነው! ጫፉ ላይ ቆመህ ስታይ ቀዳዳ በቀዳዳ ውስጥ እየጠበበ እየጠበበ እስከ ወዲያኛው ዳገት ይሄዳል፣ ይሄ ለስልክ ካሜራ ካልሆነ ለምን ተሠራ? አርክቴክቱ ዴቪድ ሞካታ ግን አናቱ ላይ የድንጋይ አጥርና ስምንት ትንንሽ ቤቶች አስጊጠው በከንቱ ደከሙ። ፍሬም ውስጥ አይገቡማ።

የተራ ጠባቂው ጨዋነትስ! ተራው የደረሰ ሁሉ ወዲያው ዓለም ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ይሆናል። ጀርባውን ይሰጣል፣ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ይተክዛል። ከካሜራው ኋላ የቆምን ሌሎች ብቸኞች ደግሞ ሳንድዊች እየገመጥን «ቶሎ በል እንጂ» እንላለን።

ባለፈው ከጓደኛዬ ጋር ሄድን። የሀበሻ ቀሚሷን በፌስታል ይዛለች። ባልኮም መውረድ ሲገባን፣ ባቡሩ ውስጥ ሰዎች ድልድዩ ሥር የተነሱትን ፎቶ ስታሳየኝ ጣቢያው አለፈን። ድልድዩንም በላዩ ተሻገርነው፣ ሁለታችንም ከስልኩ ቀና አላልንም። ሄዋርድስ ሂዝ ወርደን በታክሲ ተመለስን።

ጭቃው አይነሳ! ጥለቱን ሰብስባ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ቆመች። ከኋላዋ አንድ በግ ብቅ አለ።

«አባረው በናትህ!»

የአገሩ ባለቤት እሱ፣ ተባራሪውም እሱ። 43 ፎቶ አነሳሁ። «ወፍራም አስመሰልከኝ» ተባልኩና ሌላ 20 ጨመርኩ። በመሃል ከአናታችን ባቡር አለፈ፣ ጡቡ ሁሉ ጉምጉም አለ።

«ምንድነው የሚንጫጫው?» አለችኝ።

ማታ ፎቶው ተለጠፈ። በጉ ጠፍቷል፣ በስልኳ አስወግዳዋለች። ከሥሩ «እኔና ዝምታ» ይላል።