የአኒሜሽን ፊልም ዕጣ የሚወሰነው ገና ሲኒማ ቤት ሳይደርስ ነው

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የዲዝኒ ንብረት የሆነው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ፒክሳር «ኤሌመንታል» የተሰኘውን አዲስ ታሪክ የያዘ ፊልም ለዕይታ ሲያበቃ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተሰበሰበው ገቢ 29.6 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። 200 ሚሊዮን ዶላር ለፈሰሰበት ሥራ ይህ አሳፋሪ አጀማመር ስለነበር ዘጋቢዎች ፊልሙን በሦስተኛ ቀኑ ቀበሩት፤ የፒክሳር ዘመን አበቃ ያሉም አልጠፉም። ፊልሙ ግን አልሞተም። ገቢው ከሳምንት ሳምንት የቀነሰው ከተለመደው እጅግ ባነሰ መጠን ነበር፤ በደቡብ ኮሪያ ብቻ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ፤ በመጨረሻም በዓለም ዙሪያ ወደ 496 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ።

ይህን የማነሣው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል ስላለ ነው፤ ቤተሰብ አዲስ ታሪክ አይፈልግም፣ ትኬት የሚቆርጠው ለሚያውቀው ገጸ ባሕርይና ለተከታይ ክፍል ብቻ ነው ይባላል። ማስረጃም አይጠፋለትም። በ2024 «ኢንሳይድ አውት 2» ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲያስገባ «ሞአና 2» ከአንድ ቢሊዮን አልፏል፤ በአንጻሩ በ2022 የወጣው የዲዝኒ አዲስ ታሪክ «ስትሬንጅ ወርልድ» በመላው ዓለም ያገኘው 74 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ቁጥሮቹን የሚክድ የለም። ከቁጥሮቹ የሚወጣው ድምዳሜ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው ያደረሱትን ጉዳት በተመልካቹ ላይ የሚያላክክ ነው።

የአኒሜሽን ገበያ ከሌላው የፊልም ገበያ የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፤ ፊልሙን ማየት የሚፈልገውና ገንዘቡን የሚከፍለው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ልጅ ይፈልጋል፣ ወላጅ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ለአንድ ወንበር ሳይሆን ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። ስለዚህም ብቻውን ከሚሄድ ተመልካች ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ስለማያውቀው ፊልም ሲያስብ «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «ልጆቹ መሐል ላይ ሰልችቷቸው እንውጣ ቢሉኝስ? ትንሿ ብትፈራስ? ትንሽ ብንታገሥ ቤታችን ቁጭ ብለን አናየውም ወይ?» ይላል። ተከታይ ክፍል ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ቀድመው ተመልሰዋል፤ ልጆቹ የፊተኛውን ክፍል እስኪሸመድዱት ድረስ ደጋግመው አይተውታልና። አዲስ ታሪክ ግን ጥያቄዎቹን ሁሉ ተሸክሞ ነው ገበያ የሚወጣው። መልሱንም ወላጅ የሚያምነው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን ቀድሞ ካየ ጎረቤት፣ ከልጁ ጓደኛ እናት ሲሰማው ነው፤ ይህ ወሬ እስኪዛመት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ገቢ ስለ አንድ አዲስ ፊልም የሚነግረን ማስታወቂያው ምን ያህል እንደሠራ እንጂ ፊልሙ ምን ያህል እንደተወደደ አይደለም።

«ብንታገሥ ቤታችን አናየውም ወይ?» የሚለውን የመጨረሻውን ጥያቄ ወላጅ ከራሱ አላመነጨውም፤ አስተምረውት ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ዲዝኒ «ሶል»፣ «ሉካ» እና «ተርኒንግ ሬድ» የተባሉትን ሦስት አዳዲስ የፒክሳር ታሪኮች ዲዝኒ ፕላስ የተባለው የራሱ የስትሪሚንግ (በኢንተርኔት ፊልም የማሳየት) አገልግሎት በሚሠራባቸው አገሮች በሲኒማ ቤት ሳያሳይ በቀጥታ ወደዚያ ላካቸው። «ሶል» የወጣው በ2020 መጨረሻ፣ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ተዘግተው በነበረበት ሰዓት ነውና በዚያ ማንም አይፈርድም። «ተርኒንግ ሬድ» በማርች 2022 ሲወጣ ግን ሲኒማ ቤቶች ተከፍተው፣ ያውም የስፓይደር ማን ፊልም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦባቸው ነበር። ከሦስት ወራት በኋላ «ላይትይር» በሲኒማ ቤት ሲቀርብ፣ የፒክሳርን ፊልም ከወርኃዊ ክፍያው ውጭ ሳንቲም ሳይጨምር ማየት የለመደ ቤተሰብ ነበር የጠበቀው። 200 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ፊልም 226 ሚሊዮን አግኝቶ ቀረ። ዋና ገጸ ባሕርይው፣ የ«ቶይ ስቶሪ»ው ባዝ ላይትይር፣ በልጆች ዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱ መሆኑን ላስተዋለ፣ የታወቀ ነገር ሁሉ ይሸጣል ለሚለው ክርክር የማይመች ምሳሌ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨው የዲዝኒው «ኤንካንቶ» ጉዳይ ነው። ፊልሙ በኖቬምበር 24 ቀን 2021 ሲኒማ ቤት ገባ፤ ልክ በሠላሳኛው ቀን በዲዝኒ ፕላስ ተለቀቀ። በሲኒማ ቤት ያገኘው 256 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ የአሜሪካን ዘፈኖች ደረጃ የሚያወጣውን የቢልቦርድን ዋና ሰንጠረዥ አምስት ሳምንት የመራው ግን በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ነበር፤ ማለትም የፊልሙ ወሬ ጣራ በነካበት ሰዓት ለትኬት የሚከፍልበት ምክንያት ያለው ቤተሰብ አልቀረም። በቀጣዩ ዓመት «ስትሬንጅ ወርልድ» በተመሳሳይ የሠላሳ ቀን ቀጠሮ ወጣ። ቀጠሮውን አስቀድሞ የገመተ ወላጅ ቢቀር ምን ይፈረድበታል? «ኤሌመንታል» በአንጻሩ ሦስት ወር ያህል ስለተሰጠው ወሬው ደርሶለታል።

ጊዜ ሁሉን ያድናል ማለቴ ግን አይደለም። በ2023 መጨረሻ የወጣው የዲዝኒ «ዊሽ» ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ ያየው ሰው ግን ለጎረቤቱ የሚያወራለት ብዙ ነገር አላገኘበትም። «ኤሊዮ» ደግሞ ለእኔም ክርክር ያስቸግራል። በጁን 2025 ሲወጣ በ20.8 ሚሊዮን ዶላር በፒክሳር ታሪክ ዝቅተኛውን አጀማመር አስመዘገበ፤ ያዩት ሰዎች ወደውት ሳለ እንኳ እንደ «ኤሌመንታል» አላንሰራራም። በዚያው ሰሞን ከቆዩ አኒሜሽኖች በሰው ተዋናዮች ዳግም የተሠሩ ሁለት የቤተሰብ ፊልሞች አዳራሾቹን ይዘውት ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ወር ስንት ጊዜ ሲኒማ ቤት ሊሄድ ይችላል? በየትኛው ሰሞን መውጣት እንዳለበት መምረጥም የተመልካቹ ሳይሆን የስቱዲዮው ሥራ ነው።

ከጊዜው ባልተናነሰ ደግሞ ወጪው ይፈርዳል። ከትኬት ሽያጭ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቶች ይቀራል፤ ከቻይና ደግሞ ለውጭ ፊልም ባለቤት የሚደርሰው ሩብ ያህል ነው። የማስታወቂያው ወጪም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆኖ በሥራው ወጪ ላይ ይደመራል። በዚህ ስሌት «ዊሽ»ን እና ድሪምወርክስ የተባለው ስቱዲዮ በ2022 ያወጣውን «ዘ ባድ ጋይስ» ጎን ለጎን እንያቸው። ሁለቱም ሩብ ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሰበሰቡ። የመጀመሪያው ከ175 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ስለወጣበት የዲዝኒ መቶኛ ዓመት ውርደት ተባለ፤ ሁለተኛው ከ80 ሚሊዮን ያልበለጠ ስለወጣበት ስኬት ተብሎ በ2025 ተከታይ ክፍል ተሠራለት። የመጣው ሰው ብዛት ሳይራራቅ ፍርዱ ተራራቀ። ፊልሞቹን ፓሪስ በሚገኘው ስቱዲዮው የሚሠራው ኢሉሚኔሽን «ዘ ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ሙቪ»ን በ100 ሚሊዮን ዶላር ሠርቶ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አግኝቷል። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ ደግሞ «ፍሎው»ን በ3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ብሌንደር በተባለ ነጻ ሶፍትዌር ሠርቶ በ2025 ኦስካር ወሰደበት፤ ፊልሙ አንዲት የንግግር ቃል ስለሌለበት በየቋንቋው ድምፅ የማስገባት ወጪ እንኳ አልነበረበትም። ሁሉም ሰው እንደ «ፍሎው» ይሥራ ማለት የዋህነት ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ታሪክ ላይ 200 ሚሊዮን ዶላር አስይዞ በሦስት ቀን መልስልኝ ማለት ፈተናውን ከመጀመሪያው እንዲወድቅ አድርጎ ማዘጋጀት ነው።

የስትሪሚንግን ጥቅም አልክድም። በ2016 የወጣው «ሞአና» በ2023 በአሜሪካ በስትሪሚንግ ከሁሉም በላይ የታየ ፊልም ሆኖ ነበር፤ ለተከታታይ ድራማ ታስቦ የተጀመረው ሁለተኛው ክፍል ወደ ፊልም ተለውጦ ሲወጣ ገና በአምስት ቀን በሰሜን አሜሪካ 225 ሚሊዮን ዶላር ያስገባው ልጆቹ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ሲያዩት ስለከረሙ ነው። ስትሪሚንግ ተከታዩን ክፍል ይቀልባል። ግን «ኢንሳይድ አውት» በ2015፣ «ሞአና» በ2016 ሲወጡ ሁለቱም አዳዲስ ታሪኮች ነበሩ፤ ሁለቱም ወራት የፈጀ የሲኒማ ቤት ዕድል ተሰጥቷቸው ነው ስም ያወጡት። ዛሬ ተከታይ ብቻ ይሸጣል እያለ አዳዲሱን የሚያመናጭቅ ስቱዲዮ የዘር እህሉን እየበላ ነው።

በ2025 የታየው ሌላ ነገር ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ሶኒ የሠራው «ኬ ፖፕ ዲመን ሀንተርስ»፣ እርሱም አዲስ ታሪክ፣ በጁን ወር በኔትፍሊክስ ወጣ፤ በኦገስት ተመልካቹ አብሮ እየዘፈነ እንዲያየው ለሁለት ቀን ብቻ ሲኒማ ቤት ሲቀርብ፣ እንደ ኢንዱስትሪው ግምት፣ 18 ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝቶ የሳምንቱን መጨረሻ መራ። ሰው ቤቱ ሲያየው ለከረመ ፊልም ከፍሎ ወጣ ማለት ነው። ሶኒ በራሱ በቀጥታ ሲኒማ ቤት አስገብቶት ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም። የእኔ ግምት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ደካማ ተብሎ፣ በሦስተኛው ልጆች ዘፈኑን በየትምህርት ቤቱ አዛምተውት፣ በስድስተኛው አዳራሽ ይሞላ ነበር የሚል ነው፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሚታገሠው ቢያገኝ።