ሳሙኤል ቼዝን ሰማዕት ያደረገው ማን ነው?

ፕሬዝዳንት ትራምፕ ብይኑ ያልጣማቸው የፌዴራል ዳኛ በምክር ቤት ተከስሶ ከወንበሩ ይነሣ ባሉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ጠቅላይ ዳኛ ጆን ሮበርትስ በፍርድ አለመስማማት ዳኛን ለመክሰስ እንደማያበቃ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የጸና ነገር መሆኑን፣ ቅር ለተሰኘም ይግባኝ እንዳለለት ገለጹ። ለትራምፕ ጥብቅና አልቆምም፤ ዳኛን በብይኑ መክሰስ ነውር ነው። የሚያናድደኝ፣ የዚያ ሁለት መቶ ዓመት መነሻ የሆነው፣ በምክር ቤት ተከስሶ በሴኔት ፊት የተዳኘው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሙኤል ቼዝ የዳኝነት ነጻነት ሰማዕት ተደርጎ መቅረቡ ነው።

ሴኔቱ በ1805 በነጻ አሰናብቶታልና ጥፋት አልነበረበትም ይሉናል። የድምፅ ቆጠራውን ያየ ሰው ይህን ለመናገር አይደፍርም። በ1803 ባልቲሞር ላይ ከችሎት ወንበር ሆኖ የሜሪላንድን የመምረጥ መብት መስፋት የመንጋ አገዛዝ መንገድ ነው ብሎ በመስበኩ ከቀረበበት ስምንተኛ ክስ ላይ፣ ከ34ቱ ሴናተሮች 19ኙ ጥፋተኛ ብለውታል። ያዳነው ንጽሕናው ሳይሆን ዳኛን ከወንበሩ ለማንሣት የሚጠየቀው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስፈርት ነው፤ አራት ድምፅ ጎደለ፣ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሕግ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ባዘንኩለት። ነገር ግን አናፖሊስ ውስጥ ጠበቃ የነበረ፣ በሜሪላንድ ምክር ቤት ሃያ ዓመት የተቀመጠ፣ የነጻነት አዋጁን የፈረመ፣ በ1796 በዋሽንግተን ሹመት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገባ ሰው ነው። በ1800 ፊላደልፊያ ላይ፣ የፌዴራል ግብር የተቃወሙ ፔንሲልቫኒያውያንን የመራው ጆን ፍሪስ በአገር ክህደት ተከስሶ ሲቀርብለት፣ ቼዝ ጠበቆቹ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ክህደት ማለት ይህ ነው የሚል የጽሑፍ አስተያየት አደላቸው። ጠበቃው ዊሊያም ሉዊስ ወረቀቱን ከእጁ ጣለ። ቼዝ በማግስቱ አስተያየቱን ለማንሣት ቢሞክርም ጠበቆቹ ጉዳዩን ትተው ወጡ፣ ፍሪስ ያለ ተከራካሪ ቀርቦ በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደበት።

ይግባኝ አለ የሚሉን ታዲያ ለፍሪስ የትኛውን ይግባኝ ይጠሩለታል? በዚያ ዘመን በፌዴራል ፍርድ ቤት በወንጀል የተፈረደበት ሰው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አልነበረውም። ከገመድ ያወረደው የፕሬዝዳንት አዳምስ ምሕረት ብቻ ነው። ቼዝ ግን በሴኔቱ ፊት ሲቆም ሉተር ማርቲንን የመሰሉ ስመ ጥር ጠበቆች በየተራ ተሟገቱለት፤ ማንም ፍርዱን አስቀድሞ ጽፎ አላደላቸውም።